በር ላይ የተጻፈች ፊደል

ሰኔ 3

ማንበብ እንደምችል ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኩም፣ ለባሌም አልነገርኩም። ማዶ ለምትኖረው ለአይሻ እንኳ አልነገርኩም፤ እሷና እኔ ከድሬ ጠያራ እንጨት ተሸክመን አብረን ስንመላለስ ያደግን፣ በአንድ ክረምት ተድረን እዚህ ጁገል ግንብ ውስጥ የገባን ነን።

ኤረር በር ለውዝ እሸጣለሁ። የምጠቀልልበትን ወረቀት በኪሎ ነው የምገዛው፤ አሮጌ ጋዜጣ፣ ተማሪ የጨረሰው ደብተር። ያኔ ገና ሙሽራ ሳለሁ፣ ገበያ ሲቀዘቅዝ ወረቀቱ ላይ ያሉትን ፊደሎች በጣቴ እየተከተልኩ መለየት ጀመርኩ። ያስተማረኝ የለም። የአንዷን እግር አየሁ፣ የሌላዋን ወገብ አየሁ፤ ስሙን የማውቀውን ሱቅ ታፔላ እያየሁ አመሳከርኩ፤ ኋላም ሰው ሳያይ እየቀዳሁ መጻፉን ለመድኩ። አንድ ቀን በእጄ ያለው ወረቀት ስለ ሞተ ሰው እንደሚናገር ገባኝና ለውዝ ልጠቀልልበት አልቻልኩም።

ባሌ ጀይላን፣ አላህ ይዘንለትና፣ "ፊደል የቆጠረች ሴት ባሏንም መቁጠር ትጀምራለች" ይል ነበር። ጓደኞቹ ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

ይህን የምጽፈው ከገዛሁት ወረቀት መሀል ግማሹ ባዶ የሆነ ደብተር አግኝቼ ነው። ትናንት ሌሊት ፈላና በር አካባቢ አንድ ቤት ሰብረው ገቡ። ተከራዮቹን ደብድበው ቤቱን አቃጥለው ሄዱ። አንዱ አንድ ሰው ሞተ ይላል፣ ሌላው ሁለት ይላል። ኤረር በር ቀኑን ሙሉ ሲያወራ ዋለ። እኔ ግን ለውዜን ሰብስቤ በጊዜ ገባሁ።

ብሌን ከሥራ ስትመጣ በሩን ቆልፌው አገኘችው። ብሌን ተከራዬ ናት፤ ከጎንደር ወገን ተመድባ የመጣች የመንግሥት ሠራተኛ፣ ገና ልጅ።

"እማማ፣ በጠራራ ፀሐይ በር ይዘጋል?" አለችኝ።

እውነቷን ነው። በእኛ ሰፈር ቀን በር የሚዘጋ የተጣላ ሰው ነው።

"ድመት እየገባች አስቸገረችኝ" አልኳት።

ሰኔ 5

የፖሊዮ ጠብታ ዘመቻ ሰፈራችን ደረሰ። የምትዞረው ዋፊቃ ናት፤ የዚሁ ሰፈር ልጅ፣ የአሚና ልጅ። ሳጥኗን በትከሻዋ አንግታ ደጃፌ ቆመች።

"አዴ ናፊያ፣ ከአምስት ዓመት በታች ልጅ አለ?"

"አለ እንጂ" አለች ብሌን ከውስጥ። "እኔ አለሁ። እማማ እሹሩሩ ካላሉኝ አልተኛም።"

"አፍሽን ክፈቺ እንግዲህ፤ መራራ ነው።"

ጠመኔዋን ስታወጣ ተቆጣሁ። "ዋፊቃ፣ ለዓረፋ የቀባሁት በር ነው። ገና ሽታው አልወጣም።"

"ወላሂ አዴ፣ ካልጻፍኩ ተቆጣጣሪው ነገ እንደገና ይልከኛል። ትንሽ አድርጌ እጽፋለሁ።"

ከመቃኑ በታች፣ ዝናብ በማያገኘው በኩል፣ "ክ" ብላ ጻፈች። ከአጠገቡ ቀኑን፣ ከዚያም ዜሮ፤ ልጅ የለም ለማለት። ክ ማለት ክትባት ነው። ጽሕፈቷ እንደ ራሷ ቀጥ ያለ ነው።

አይሻ ማዶ በሯ ላይ ሆና ትጣራለች። "እኔ ጋ አንድ ብለሽ ጻፊ። ነስሮ ሚስት እስኪያገባ ሕፃን ነው።" ነስሮ ልጇ ነው፤ የጭነት መኪና ረዳት፣ ከቤት ይልቅ መንገድ ላይ የሚያድር። የአይሻ ተከራይ መምህር ጌታነህ ከሰገነቱ መስኮት አንገቱን አወጣ።

"አዴ አይሻ፣ እኔንም ያስቆጥሩኝ። ደሞዜ የሕፃን ነው።"

"አንተማ አቦ፣ የምትበላው የጎልማሳ ነው" አለችው።

መንገዱ ሁሉ ሳቀ። ከፈላናው ቃጠሎ ወዲህ ሰው ሲስቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ሰኔ 9

በችኮላ።

ሁለት ጎረምሶች ለውዝ ገዙኝ። የሰፈር ልጆች አይደሉም። አንዱ ስልክ ሲያወራ ቆይቶ ለጓደኛው "ኪ ያለበት ብቻ ነው። ሌላውን እንዳትነኩ ብሏል" አለው። ጓደኛው ወደ እኔ በዓይኑ ጠቀሰው።

"ተዋት፣ እሷ ፊደል የት ታውቃለች" አለና ሳቀ።

ከገዙት በላይ ጨመርኩላቸው። ለምን እንደጨመርኩ አላውቅም።

ስለ ኳስ ይሆናል። ስለ ሎተሪ ይሆናል።

ማምሻውን ስገባ በሬ ላይ፣ ከዋፊቃ ጽሕፈት ሥር፣ ሌላ ፊደል አለ። ያው ነጭ ጠመኔ ነው። የሚያልፍ ሰው ክ ናት ይላል። ክ ጭረቷ በግራ ጎኗ ነው። ይህቺኛዋ ግን ጭረቷን ከቀኝ እግሯ ሥር ነው ያወጣችው። ኪ ናት።

በሩን አጠብኩ። ቀለሙ አዲስ ነው፤ እንዲበላሽ አልፈልግም። የዋፊቃንም አብሬ አጠብኩት።

"ምነው እማማ፣ ያቺ ልጅ ደክማ የጻፈችውን" አለችኝ ብሌን።

"ቀለሜን" አልኳት።

አይሻ በር ላይም አለ። የአይሻ በር ግን ቀለሙ አሮጌ ነው።

ሰኔ 10

ቢዘንብ ያጥበው ነበር። ከሐኪም ተራራ በኩል ደመናው ጠቁሮ መጣ፣ ነፋስ በተነው።

አይሻ ከሰዓት በኋላ መጥታ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች። የጌታነህን ነገር አወራችኝ፤ ክረምቱን አገሩ ሄዶ ሊያገባ ነው፣ ሙሽራዋን ይዞ እሷው ቤት ሊመለስ ነው። "ሰገነቱን ኖራ አስቀባለታለሁ" አለችኝ። ከዚያ ፊቴን አየች።

"ምነው አንቺ፣ አፍሽ ተለጎመ?"

"ጥርሴን አሞኛል።"

"ቅርንፉድ ንከሽበት። ቆይ፣ ላምጣልሽ።"

ተነሥታ ሄደች፤ በዚያ በር ገብታ በዚያ በር ወጣች፣ ቅርንፉዱን በመዳፏ ይዛ። ነከስኩት። ለጤነኛ ጥርስ ቅርንፉድ ያቃጥላል።

"በርሽ ላይ ያለችው ክ አይደለችም" ብላት "አንቺ በምን አወቅሽ?" ትለኛለች። ያን ሁሉ ዓመት የደበቅኳትን በምን አፌ እጀምረዋለሁ። ደግሞስ ፊደሏ ምንም ባትሆን? የሰው ወሬ ይዛ ሰፈር አሸበረች ብባልስ?

ነገ በሌላ መንገድ እመጣለሁ። "የእኔን ሳጥብ ያንቺንም ላጥብልሽ" እላታለሁ። ይኼ ቀላል ነው። እስካሁን ለምን እንዳልታየኝ እንጃ።

ሰኔ 11

አይሻ ጠዋት ገበያ ሄዳለች። በሩ ላይ የሰፈር ወንዶች ቁጭ ብለው ጫት ይቅማሉ። በእነሱ ፊት ውሃና ጨርቅ ይዤ የሰው በር ማጠብ አፈርኩ።

ማታ ሲበተኑ…

ሰኔ 12

ጌታነህ ሞተ። አይሻ ሆስፒታል ናት። ሌላ መጻፍ አልችልም።

ሰኔ 13

መጻፍ አለብኝ፤ ካልጻፍኩ እየደጋገመ ይመጣብኛል።

ከዒሻ ሶላት በኋላ ነበር። መብራት ጠፍቶ ነበር። መጀመሪያ የብዙ እግር ድምፅ፤ ሰው ግን አያወራም። ሰርግ ወይ ጀናዛ ቢሆን ሰው ያወራል። ብሌንን ከእህል ማስቀመጫው ኋላ አስገብቼ አፏን በእጄ ያዝኩ። የያዝኩት እንዳትጮህ ነው። እሷ ግን አልጮኸችም።

ማዶ በሩን በድንጋይ መቱት። የአይሻ ድምፅ ተሰማኝ፤ አልጮኸችም፣ ገበያ ላይ ዋጋ እንደምትከራከር ነበር የምትናገረው።

"ልጆቼ፣ ይኼ እንግዳዬ ነው። የእናንተም እናት እንግዳ ታሳድራለች።"

"ዞር በይ አሮጊት።"

ከዚያ ጌታነህ። "አዴ አይሻን ተዉአት። እኔ ወጥቻለሁ፤ ይኸው ወጥቻለሁ።" ከዚያ በኋላ ድምፁን አልሰማሁም።

ቤንዚኑ ሸተተኝ። በሩ ሲቃጠል እሷ ልትከፍተው ይዛው ነበር አሉ፤ እሱ ተመልሶ የሚገባ መስሏት። ሁለቱም መዳፏ፣ ግንባሯም ነደደ።

ወደ እኛ መጡ። የስልክ መብራት በበራችን ስንጥቅ ገባ፤ ከላይ ወደ ታች፣ ከመቃኑ ሥር ቆመ።

"ይኼኛው ንጹሕ ነው" አለ አንዱ።

አለፉ።

ብሌን ጆሮዬ ሥር "እማማ፣ ለምን ተዉን?" አለችኝ። አፏን እንደገና ያዝኩት።

ነስሮ ጅጅጋ መንገድ ላይ ነበር። ጎህ ሲቀድ ደረሰ። የእናቱን በር አየ፤ በር የለም። ከዚያ ዞሮ የእኔን በር አየ።

ሰኔ 15

የጌታነህ ወንድም ከሩቅ አገር መጣ። አስከሬኑን እስከ መኪናው የተሸከሙት የሰፈሩ ወንዶች ናቸው። ኢማሙም ነበሩ፤ ወንድምየው አንገታቸው ላይ ተጠምጥሞ አለቀሰ። የሰገነቱን ዕቃ እኔ ነኝ ያወጣሁለት። ብዙ አልነበረም። ለሙሽራዋ የገዛው ሻርፕ ከነፌስታሉ አለ፤ ጭስ ጭስ ይላል።

ሌሎችም በሮች እንደተቃጠሉ ዛሬ ሰማሁ፤ ከታች በኩል። ሁሉም ከሌላ አገር የመጣ ተከራይ ያለባቸው። ኪ ማለት ኪራይ ነው።

ውሃ ቦኖው ጋ፣ ኋላዬ ሴቶች ያወራሉ።

"የናፊያን ምነው ዘለሉት?"

"ድሃ ናት፣ ማን ይፈልጋታል።"

"ተከራይ አላት እኮ።"

ዞር ስል ፊታቸውን ወደ ቦኖው መለሱ። አንዷ ጀሪካኔን አነሣችልኝ።

ሰኔ 16

ብሌን ሄደች። መሥሪያ ቤቷ ፈቃድ ሰጥቷት በሌሊት አውቶቡስ። ቦርሳዋን ዘግታ ጉልበቴን ሳመችኝ፣ እኔ እያነሣኋት።

"እማማ፣ ለዚያ ቀለም ሲሳሱ እኔን አተረፉኝ። እግዚአብሔር ነው ያሳጠበዎት። ለማንም አላወራም፤ በረከቱ እንዳይጠፋ።"

የማይገባኝን መሳም ተቀበልኩ። ክፍሏን እስካሁን አልጠረግሁትም።

ሰኔ 20

አይሻን ከሆስፒታል አመጣናት። የት ትግባ? ቤቷ ሰማይ ይታይበታል። ብሌን የነበረችበት ክፍል አስተኛኋት። እጆቿ እስከ ክርናቸው በፋሻ ተጠቅልለዋል፤ ግንባሯ ላይ ቆዳው ተገፏል። ሾርባ በማንኪያ አጠጣታለሁ፣ አጎርሳታለሁ፣ ለሶላቷ የውዱእ ውሃውን እኔ አፈስላታለሁ፣ ሻሿን እኔ አስርላታለሁ።

"ልጅ ወለድሽ በስተርጅናሽ" ትለኛለች። "ያውም ጥርስ ያላት።"

ትስቅና ግንባሯ ያማታል።

ዛሬ ስታጎርሳት የነበረችውን እጄን በከንፈሯ ያዘችና "አላህ ያንቺን በር ለእኔ ሲል ሸፈነው። ባይሸፍነው የት እገባ ነበር?" አለችኝ።

ሳህኑን ላጥብ ብዬ ወጣሁ። ሳህኑ ንጹሕ ነበር።

ሰኔ 22

ዋፊቃን አሠሯት።

ነስሮ ነው ለፖሊስ የተናገረው። "በራችን ላይ ሁለት ክ ነበር" አለ። "የሌላው ሰው በር ላይ አንድ። ሁለት የተጻፈበት ሁሉ ተቃጠለ። ጠመኔ ይዛ የዞረች ደግሞ እሷ ብቻ ናት።" የታችኞቹ ጎረቤቶችም ሲጠየቁ እንዲሁ አሉ፤ እውነት ነው፣ ሁለት ነበር። እነሱ ያዩት ሁለት ክ ነው። ፊደል የተማሩ ናቸው፤ ግን ክ ማለት ክትባት እንደሆነ ቀድሞ ልባቸው ውስጥ ስለገባ፣ የእግሯን ጭረት ማን ጎንበስ ብሎ ያያል። በሮቹም ነደዋል።

አይሻ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። "በእጄ ሙዝ የሰጠኋት ልጅ" ትላለች። "ሕፃን ሆና እዚህ ደረጃ ላይ ስትወድቅ ያነሣኋት ልጅ። እጇ ይድረቅ።"

"አትራገሚ" አልኳት።

"ለምን አልራገምም?"

ብርድ ልብሷን ሳብ አደረግኩላት።

ሰኔ 26

የዋፊቃ እናት አሚና መጣች። ደጃፉን አላለፈችም፤ ጫማዋን አውልቃ ከውጭ ቆመች።

"አይሻ፣ ልጄ አላደረገችውም። አድርጋው ከሆነ ግን አውፍ በይኝ።"

ከውስጥ የአይሻ አልጋ ሲንቋቋ ብቻ ተሰማ። አሚና እኔን አየችኝ።

"ናፊያ፣ አንቺስ? አንቺ ሁልጊዜ ደጃፍ ላይ ነሽ። ምንም አላየሽም?"

"ዓይኔ ደክሟል" አልኳት።

ዓይኔ መርፌ ያስገባል።

አሚና ጫማዋን ሳታጠልቅ በእጇ ይዛው ሄደች። ዋፊቃ እስር ቤት ምግብ አልበላም ብላለች አሉ። ሌሎቹ እስረኞች ስትገባ "ቤት አስቃጣይዋ መጣች" ብለዋታል።

ሐምሌ 1

አይሻ ተኝታለች፤ ስትተኛ እጆቿን ሆዷ ላይ እንደ ሕፃን ታደርጋቸዋለች።

ይህን ጽፌው አላውቅም። ጀይላን የጁገል ግንብ ሲጠገን ድንጋይ ያቀብል ነበር። አንድ ቀን ምሳውን ይዤለት ሄድኩ። ከጓደኞቹ ጋር በግንቡ ጥላ ሥር ተቀምጧል። ከራሳቸው በላይ ሳንቃ ተሰቅሏል፤ "ወደ ግንቡ አትጠጉ፣ ሊናድ ይችላል" ይላል። ቀስ ብዬ፣ በልቤ፣ ፊደል በፊደል አነበብኩት። ከእነሱ ማንበብ የሚችል አልነበረም።

"ና እዚያ ዛፍ ሥር ብላ" አልኩት።

"ምን ሆነሻል፣ ይኼ ጥላ አይደለም?" አለኝና ጓደኞቹን አያቸው። "ሙሽራ ሳለች እንኳ እንዲህ አላቀበጠችኝም።"

ሳቁ። ሳንቃውን ባሳየው በምን አነበብሽው ይለኛል፤ በጓደኞቹ ፊት የተማረች ሚስት፣ ያልተማረ ባል። ሳህኑን አስቀምጬ ሄድኩ። የዐስር ሶላት ሳይሰገድ ግንቡ ተናደ። ከመካከላቸው የሞተው እሱ ብቻ ነው።

ሰው ሁሉ "ቀዷ ነው፣ የአላህ ውሳኔ ነው" አለኝ። ቀዷ ነው፣ አልክድም። ግን ቀዷው ሲመጣ እኔ አንብቤው ነበር።

በሩን ያጠብኩት ለቀለሙ አይደለም። ይኸው ጻፍኩት። እነዚያ ልጆች ሲያወሩ ገብቶኛል፤ የጨመርኩላቸውም ለውዝ ከፍርሃት ነው። የእኔን አጠብኩና ማዶውን ተውኩ። ሁለት ጊዜ አነበብኩ፣ ሁለት ጊዜ ዝም አልኩ። አሁን ሦስተኛዋ ዋፊቃ ናት።

ሐምሌ 3

ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። መርማሪው ለማ ይባላል፤ ሰው አክባሪ ነው፣ ተነሥቶ ወንበር ሰጠኝ።

"ዋፊቃ አይደለችም" አልኩት። "ሁለተኛውን የጻፈው ሌላ ሰው ነው።"

"ሲጽፍ አዩት?"

"አላየሁትም። ጽሕፈቱ የሷ አይደለም።"

"እናቴ፣ ማንበብ ይችላሉ?"

ምላሴ ከእኔ ቀድሞ "አልችልም" አለ። ዕድሜ ልክ ያስለመድኩት ነው።

ለማ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "እንግዲያው ጽሕፈቱ የማን እንደሆነ እንዴት ይለያሉ? ለማያነብ ሰው ጠመኔ ሁሉ ነጭ ነው። ልጅቷ ጎረቤትዎ ናት፣ አዝነውላት ነው፤ ይገባኛል።"

እስከ በሩ ሸኘኝ። መንገድ ላይ ዓይኔ ያረፈበትን ታፔላ ሁሉ ያለፍላጎቴ አነበብኩ።

ሐምሌ 4

ተመልሼ ሄድኩ። ሳልቀመጥ ወረቀት ስጠኝ አልኩት። ሁለቱን ጎን ለጎን ጻፍኳቸው። ክ። ኪ።

"ይቺ የዋፊቃ ናት። ክትባት። ይቺኛዋ ሥሯ የነበረችው ናት። ኪራይ።" ከዚያ የጎረምሶቹን ነገር፣ በዚያ ቀን ኤረር በር የሰማሁትን፣ መልካቸውን፣ አንዱ ግራ እጁ ላይ የነበረውን ጠባሳ ሁሉ ነገርኩት።

ለማ መሳቢያውን ከፍቶ አንድ ፎቶ አወጣ፤ የፈላናው ቤት የብረት በር ነው፣ እሳቱ ግማሹን ትቶታል። ወረቀቴን ከፎቶው አጠገብ አስቀመጠው።

"ይቺን ጭረት ዝገት ነው ብዬ ነበር" አለ። "ምልክቱንም የአምናው ዘመቻ መስሎን።" ፎቶውን እንደገና አየው። "የዘንድሮው ዘመቻ ሳይጀመር የተቃጠለ ቤት ነው ይኼ። ዋፊቃ ጠመኔም አልያዘችም ነበር።"

ከዚያ ቀና አለ።

"ትናንት አላነብም ብለውኝ ነበር።"

"ዋሽቼህ ነው።"

"የእርስዎ በር ላይስ ተጽፎ ነበር?"

"አልነበረም" አልኩት።

እግሬ ይዞኝ ወጣ። ሌላውን ሁሉ ተናግሬ ይቺን ብቻ ይዤ ወጣሁ።

ሐምሌ 9

ዋፊቃ ተፈታች። ጎረምሶቹም አንደኛው እንደተያዘ ይወራል። ልጅቷ መጀመሪያ የመጣችው ወደ እኛ ነው፣ ገና ቤቷ ሳትደርስ። ከስታለች። አይሻ ከአልጋዋ ወርዳ በፋሻ በተጠቀለሉት እጆቿ ፊቷን ይዛ አለቀሰች።

"አውፍ በይኝ። እጇ ይድረቅ ብዬሻለሁ፤ አላህ አይስማኝ።"

"አዴ አይሻ፣ እኔስ ብሆን እራገም ነበር" አለቻት ዋፊቃ። "አንዲት ሴት ሄዳ ነገረቻቸው አሉ። ማን እንደሆነች አልነገሩኝም።"

"ማንም ትሁን፣ ልጆቿን ያኑርላት" አለች አይሻ።

እኔ ልጅ የለኝም። ውሃ ላምጣ ብዬ ተነሣሁ። ዋፊቃ በዓይኗ ተከተለችኝ።

ሐምሌ 12

ፋሻው ተፈታ። መዳፏ ሮዝ ነው፣ እንደ አራስ ልጅ ቆዳ፤ ጣቶቿ ግን በደንብ አይታጠፉም። አፎቻው፣ ለሐዘንም ለሰርግም የሚሰበሰበው ማኅበራችን፣ አንዱን ክፍሏን ቆርቆሮ አልብሶላታል። ነስሮ አዲስ በር አሠርቷል። ነገ ልትገባ ነው።

የራሷን እንጀራ በራሷ እጅ ለመቁረስ ስትታገል ቆይታ ተወችው።

"አንቺዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ።"

"ጠይቂኝ።"

"ኪራይ ያለበትን ነው የጻፉት ይላሉ። ብሌን እያለች፣ ያንቺ በር ላይ አልጻፉም እንዴ?"

የጠየቀችኝ በክፉ አይደለም። ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር። ዓይኗ ውስጥ መልሱን የምታምንልኝ መሆኑ ይታያል፤ "አልጻፉም" ብላት፣ "አልሐምዱሊላህ" ብላ ቁራሹን ትውጣለች፣ ነገር በዚያው ያልቃል።

"ልብስ ውጭ ተሰጥቷል፣ ዝናብ ሊመጣ ነው" ብዬ ወጣሁ። ግቢው ውስጥ ቆምኩ። የተሰጣ ልብስ አልነበረም። አይሻ በመስኮቱ ታየኛለች።

ሐምሌ 13

ሱብሒ ሰግጃለሁ። አይሻ ዕቃዋን እያስተሳሰረች ነው፤ ላግዝሽ ብላት "ጣቴን ላፍታታበት" አለችኝ። ከትናንት ወዲህ ጥያቄውን አልደገመችውም። እኔን ማየትም ቀንሳለች።

ለለማ የዋሸሁትን ከሰዓት በኋላ ሄጄ አቃናለሁ። እሱ ግን ሁለተኛ ነው። ጌታነህ አንደኛ መሆን ነበረበት፤ እሱ የለም።

ሌሊቱን ከደብተሩ የጻፍኩባቸውን ገጾች ቀድጄ አወጣሁ። ጥሩ የመሰሉኝን ብቻ ልመርጥ አስቤ ነበር፤ ፖሊስ ጣቢያ የሄድኩበትን፣ ሾርባ ያጠጣሁበትን። ተውኩት። ሁሉም በቀኑ ተደርድሯል።

አይሻ ይህን ከሰማች በኋላ ነስሮን ትጠራው ይሆናል። ደጃፌን ዳግመኛ አትረግጥ ይሆናል፤ ማዶ ለማዶ እየተያየን፣ በር ዘግተን እንሞት ይሆናል። አውፍ በይኝ አልላትም። አሚና ጫማዋን አውልቃ የለመነችውን እኔ ቀድሜ ልጠይቅ አልችልም። እሷ ራሷ ካመጣችው እሰማለሁ።

ገጾቹ የአይሻ ናቸው፣ ለሌላ ለማንም አይደሉም። አይሻ ፊደል አታውቅም። ዋፊቃ ልታነብላት ትችላለች፣ ነስሮም ይችላል። ግን እኔ የበደልኳትን በሌላ ሰው አፍ አትሰማውም። ዕቃዋን አስራ ስትጨርስ ፊት ለፊቷ እቀመጣለሁ፤ ጣቴን ከመጀመሪያው መስመር ላይ አድርጌ፣ ድምፄን አውጥቼ፣ እኔው አነብላታለሁ።